ኢሳቅ ዝም ያለበት ክረምት

በደርግ ዘመን፣ ርብ ወንዝ ሞልቶ የፎገራን ሜዳ ባጥለቀለቀበት አንድ ክረምት፣ ዘሊካ ሳልህ ወረታ ባለው የእርዳታ ቢሮ የሬዲዮ ሠራተኛ ነበረች። ከባሕር ዳር እየተነሳ በውሃ የተከበቡ ሰዎችን የሚፈልገውን አብራሪ የምታነጋግረው እሷ ናት። አብራሪው ኢሳቅ ይባላል።

የተዋወቁት መድኃኒት ይዞ ወረታ በመጣ ቀን ነው። ሳጥኑን ሲያቀብላት እጁ እጇ ላይ ትንሽ ቆየ። ከዚያ ወዲያ ስለ ውሃው ከፍታ ሲነጋገሩ እንኳ ድምፃቸው ይለሰልስ ጀመር። እሱን ሳትሰማ ከዋለች ምሳ አይወርድላትም።

አባቷ ሐጂ ሳልህ ጨርቅ ነጋዴ ናቸው። ወሬው ሲደርሳቸው፣ ሰው በግቢው በሠራት አውሮፕላን ለሚበር ጎረምሳ ልጄን አልሰጥም አሉ። አንበሳሜ ያለ ነጋዴ ጠይቋታልና እስከ ዓርብ ቁርጡን እንድትነግራቸው አዘዟት።

እውነትም አውሮፕላኗን ከእንጨትና ከሸራ የሠራት መንግሥቴ የተባለ የአየር ኃይል ጡረተኛ ነበር። አብራሪው እጁን ሲያነሳ መስመሯን የሚጠብቅ ኦቶፓይለትም በቅርቡ ገጥሞላታል።

ኢሳቅ አንድ ቀን ዝቅ ብሎ እየበረረ፣ መሪውን ለኦቶፓይለቱ ትቶ ለዘሊካ ሊመልስ የሬዲዮውን ቁልፍ ሲጫን፣ አውሮፕላኗ በድንገት ወደ ግራ ተጋደመች። ክንፏ ውሃውን ሊነካ ጥቂት ሲቀረው በእጁ መለሳት። መንግሥቴ ይህን ሲሰማ፣ ምክንያቱ እስኪታወቅ አየር ላይ ቁልፉን እንዳይነካ ከለከለው። ወረታ ለሚገኘው ቢሮ መልእክት ላኩ፤ አልደረሰም።

ዘሊካ ትጠራለች፤ መልስ የለም። የሞተሩ ድምፅ ግን በላይዋ ያልፋል። ትነሳለች፣ መስኮት ጋ ትሄዳለች፣ ተመልሳ ትቀመጣለች። የአባቷን ቃል ሰምቶ የሸሻት መሰላት።

ሐሙስ ዕለት አላስቻላትም። በቢሮው ሬዲዮ የግል ጉዳይ ማውራት ከሥራ እንደሚያስባርር እያወቀች ተናገረች።

«ኢሳቅ፣ ትተኸኝ ከሆነ ትቼሻለሁ በለኝ። ነገ ለአባቴ መልስ እሰጣለሁ።»

ኢሳቅ እያንዳንዱን ቃል ሰማ። ጣቱ ቁልፉ ላይ አረፈ፤ ተነሳ። የአውሮፕላኗን አፍንጫ ወደ ባሕር ዳር አዞረ።

እንዳረፈ ከመንግሥቴ ጋር ሆነው አውሮፕላኗን ፈቷት። እንጨቱ የሬዲዮውን ሞገድ አያግድም፤ የአንቴናው ገመድ ደግሞ ከኦቶፓይለቱ ሽቦዎች ጎን ለጎን ተዘርግቷል። ሽቦዎቹ ሞገዱን ሲስቡት ኦቶፓይለቱ «ዙር» የተባለ ይመስለው ነበር። አንቴናውን ወደ ጭራዋ አራቁት፤ ሽቦዎቹን በብረት መረብ ሸፍነው መረቡን ከሞተሩ ብረት ጋር አያያዙት።

ዓርብ ጠዋት ሐጂ ሳልህ መልሱን ሊሰሙ ቢሮዋ ድረስ መጡ። ዘሊካ አቀርቅራ ተቀምጣ ሳለ ሬዲዮው ተንኮሻኮሸ።

«ወረታ፣ ኢሳቅ ነኝ። ልመልስልሽ ቁልፉን ስጫን አውሮፕላኗ ዞረችብኝ፤ ከዚያ ቁልፉን እንዳልነካ ተከለከልኩ። አሁን ተሠርታለች። አልተውኩሽም።»

ዘሊካ ቀና አለች። ከዚያ ወደ አባቷ ዞረች። «አባ፣ መልሴ እሱ ነው» አለች፤ እንባዋ ወረደ።

ሐጂ ሳልህ ፊታቸውን አዙረው ወጡ። ውሃው ሲጎድል ግን ልጃቸውን አስከትለው ባሕር ዳር ሄዱ። መሬት ላይ በቆመችው አውሮፕላን ውስጥ ተቀምጠው ኦቶፓይለቱን አስከፈቱ፤ የሬዲዮውን ቁልፍ ራሳቸው ተጫኑ። ዓይናቸውን ከመሪው አልነቀሉም። ደግመው ተጫኑ፤ ተጭነው ቆዩ። መሪው ንቅንቅ አላለም።

ወረዱና ኮታቸውን አስተካከሉ። አጠገባቸው የቆመውን ኢሳቅን ከእግሩ እስከ ራሱ አዩት።

«እንግዲህ ሽማግሌ ላክ» አሉት።