ትንቢትና እርጉዟ ሳላ

ትንቢት አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። አባቷ ወታደር ስለሆነ ቤታቸው ነገሌ ቦረና፣ ከጦር ካምፑ አጠገብ ነው። ፎቶ ማንሳት ትችልበታለች። የሰንበት ትምህርት ቤቷ ልጆች ከከተማው ወጣ ብሎ ወዳለው የእንስሳት ማቆያ ሲሄዱ፣ መምህርታቸው እትዬ ወለላ ስልካቸውን የሰጡት ለእሷ ነበር። ጥሩ የወጣው ፎቶ ታትሞ የሰንበት ትምህርት ቤቱ አዳራሽ ውስጥ ሊሰቀል ነው።

በሽቦ አጥሩ ውስጥ አንዲት ሳላ ነበረች። ሳላ አይታችሁ ታውቃላችሁ? የዱር እንስሳ ናት፤ ፊቷ ጥቁርና ነጭ ነው፤ ሁለቱ ቀንዶቿ ረጃጅምና ቀጥ ያሉ ናቸው። ጠባቂው አባባ ጃታኒ «አካም፣ ናጋ?» ብለው በኦሮምኛ ሰላምታ ልጆቹን ተቀበሉ። ሳላዋ እርጉዝ እንደሆነችና ለመውለድ ጥቂት ቀን እንደቀራት ነገሯቸው። ከደነገጠች ጽንሱ ሊጎዳ ስለሚችል ማንም እንዳይጮህ፣ ምንም እንዳይወረውር አደራ አሏቸው።

ሳላዋ ግራር ጥላ ሥር ጀርባዋን ሰጥታ ተኝታለች። ትንቢት ፊቷን እስክታዞር ጠበቀች፤ አሁንም ጠበቀች። ሌሎቹ ልጆች ማቆያው ውስጥ ያሉትን ሰጎኖች ሊያዩ ሄዱ። አንዲት ትንሽ ጠጠር ምን ትጎዳለች ብላ አሰበችና ወረወረች።

ሳላዋ ብድግ ብላ ዞረች። ትንቢት ፎቶውን አነሳች፤ ግሩም ሆኖ ወጣላት። ወዲያው ግን ሳላዋ በርግጋ ሮጠች። አንዱ ቀንዷ ሽቦው ውስጥ ተሰካ፤ ለመውጣት ስትታገል አንገቷ ደማ።

አባባ ጃታኒ በሩጫ መጥተው ሽቦውን በፒንሳ ቆርጠው አላቀቋት። ሳላ ዝም ብላ አትበረግግም፣ ማነው የነካት ብለው ጠየቁ። ግርግሩን ሰምተው የተሰበሰቡት ልጆች ሁሉ ወደ እንዳሻው ዞሩ። እንዳሻው በረባሽነቱ ይታወቃል፤ ያን ጊዜም ከጓደኞቹ ተለይቶ ብቻውን ሲዞር ነበር። እሱ እንዳልነካት ቢናገርም ማንም አላመነውም። እትዬ ወለላ ልጆቹን ያመጣው መኪና ውስጥ ገብቶ እንዲቀመጥ አዘዙት።

ከዚያ ፎቶውን አዩና ትንቢትን አመሰገኗት። ልጆቹም ከበቧት። እሷ ግን ዓይኗ ከመኪናው መስኮት አልተነሳም። እንዳሻው በሸሚዙ እጅጌ እንባውን እየጠረገ ነበር። ትንቢት ከልጆቹ መሃል ወጥታ ጠባቂው ፊት ቆመች። ድምፅዋን ጥርት አድርጋ ተናገረች።

«አባባ፣ ጠጠር የወረወርኩት እኔ ነኝ። ለፎቶ ብዬ ነው። እንዳሻው የለበትም።»

አባባ ጃታኒ ዞር ብለው ሳላዋን አዩ።

«ለእኔ መናገርሽ ጥሩ ነው» አሏት። «እሷ ግን አማርኛ አይገባትም። እዚህ ቁጭ በይና እንደማትጎጃት አሳያት።»

ትንቢት ስልኩን መለሰችና አጥሩ ጥግ ተቀመጠች፤ እግዚአብሔርንም በልቧ ይቅርታ ጠየቀች። እትዬ ወለላም እንዳሻውን ይቅርታ ጠይቀው ከመኪናው አወረዱት። እሱም መጥቶ ትንቢት አጠገብ ተቀመጠ። ከብዙ ቆይታ በኋላ ሳላዋ ቀስ ብላ ወደ እነሱ ተጠግታ አጥሩ ሥር ካለው ገንዳ ውሃዋን ጠጣች።

ያ ፎቶ አልተሰቀለም፤ ስልኩን ከመመለሷ በፊት ያጠፋችው ራሷ ትንቢት ናት። በሳምንቱ አባባ ጃታኒ ለእትዬ ወለላ ደውለው፣ ሳላዋ በሰላም እንደወለደችና ግልገሏ በእግሩ እንደቆመ ነገሯቸው።

ልጆች፣ ስታጠፉ ጥፋታችሁን ሌላ ሰው እንዲሸከምላችሁ አትተዉ፤ ቢያስፈራችሁም እውነቱን ቶሎ ተናገሩ።