ላቪዮሌት የሚባለው

ኤማ እጇን ልትታጠብ ስትነሳ ሮሐ ላፕቶፑን ቀስ ብላ ወደ ራሷ አዞረችው።

የተቀመጡት የሮሐ እናት ሥርጉት በምትሠራበት የፌርፋክስ የሐበሻ ምግብ ቤት፣ መስኮቱ አጠገብ ነው። የምሳ ሰዓት ስላለፈ ቤቱ ጭር ብሏል። ለታሪክ ትምህርት አብረው የሚያቀርቡት የኤማን የዘር ሐረግ ነበር፤ ካናዳ ገና የፈረንሳይ ቅኝ ግዛት ሳለች መጥተው ኩቤክ የሰፈሩትን የአያቶቿን አያቶች።

ሮሐ ባየችው ቁጥር የዘር ሐረጉ ይበልጥ አጠራጠራት። ዣን ግራንዤ የሚባለው ወታደር ሁለት ወንዶች ልጆች አሉት፤ የአንዱ የቤተሰብ ስም ግራንዤ፣ የሌላው ላቪዮሌት። ሴቶቹ ሦስት ሲሆኑ ሦስቱም ማሪ ናቸው። ሦስት ልጆቹን በአንድ ስም የሚጠራ ሰው የት አለ?

ኤማ ደግሞ ባለፈው ሴሚስተር ያላነበበችውን መጽሐፍ አነበብኩ ብላ ተይዛለች። ሰሞኑንም ሁኔታዋ ልክ አይደለም። አንድ ነገር ለመናገር አፏን ትከፍትና ትተወዋለች፤ ሮሐ ምን ሆነሻል ስትላት ምንም ትላለች። መምህራቸው ሚስ ኦርቴጋ የፈጠራ ታሪክ ካቀረቡ አብረው የሠሩት ሁለቱም ተማሪዎች ዜሮ እንደሚያገኙ አስጠንቅቃለች።

ሮሐ ስልኳን አወጣች። የኤማ የዘር ሐረግ እውነት እንደማይመስላት፣ ፕሮጀክቱን ለብቻዋ መሥራት እንደምትፈልግ ለሚስ ኦርቴጋ ጻፈች። አንድ ጊዜ አነበበችውና ላከችው።

ኤማ ተመልሳ ተቀመጠች።

«እነዚህ ወንድማማቾች ለምንድነው ስማቸው የተለያየው?» አለቻት ሮሐ ስክሪኑን እያሳየቻት።

ኤማ አልደነገጠችም፤ እንዲያውም ደስ አላት። ያኔ ወታደሩ ሁሉ ቅጽል ስም ይወጣለት እንደነበር ነገረቻት። ዣን «ግራንዤ ዲ ላቪዮሌት» ይባል ነበር፤ «ዲ» ማለት «የሚባለው» ማለት ነው። ከልጆቹ አንዱ የአባቱን የቤተሰብ ስም፣ ሌላው ቅጽል ስሙን ያዘ። የኤማ ቤተሰብ ከሁለተኛው ነው የሚወለደው። ሴቶቹ ሲጠመቁ ሁሉም ማሪ ቢባሉም፣ ቤት ውስጥ የሚጠሩት በሌላ ስማቸው ነበር።

ሮሐ ስለ ማሪዎቹ ለእናቷ በአማርኛ ነገረቻት። ሥርጉት ጠረጴዛ መወልወሏን ሳታቆም፣ «የክርስትና ስም ነዋ፤ እኛስ አገር አለ አይደል» አለች።

ሮሐ ስልኳን ጠረጴዛው ላይ በፊቱ ደፋችው።

«ኦኬ፣ እኔም አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አለች ኤማ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «በወላጆች ቀን የእናትና የአባትሽ ደረት ላይ የተለጠፈውን የቤተሰብ ስም አይቼ ነበር። እናትሽ ብርሃነመስቀል፣ አባትሽ ሀይሉ። አንቺ ደግሞ ግሩም። እና... በማደጎ ያሳደጉሽ መሰለኝ።»

ሮሐ ሳቀች። ግሩም የአባቷ የራሱ ስም እንደሆነ፣ ሀይሉ አያቷ እንደሆኑ፣ እናቷም አግብታ እንኳ የራሷን አባት ስም እንዳልለወጠች አስረዳቻት። በአንድ ቤት ሦስት ስም መኖሩን እስከዛሬ ልብ ብላው አታውቅም ነበር።

«ታዲያ ለምን አልጠየቅሽኝም?»

«እንዳይከፋሽ ብዬ» አለች ኤማ። «ለማንም አልተናገርኩም።»

የሮሐ ሳቅ ከፊቷ ጠፋ። ስልኳ ጠረጴዛው ላይ ነዘረ። ሚስ ኦርቴጋ ናት፤ ነገ ከክፍል በፊት ሁለቱም ቢሮዋ እንዲመጡ ጽፋለች።

ኤማ የስልኩን ስክሪን አላየችም። የሁለታችንን ቤተሰብ ስም ጎን ለጎን ብናስቀምጠውስ እያለች አዲስ ገጽ ከፍታለች። ከወጥ ቤቱ በር ላይ ሥርጉት ልጇን ሳህን እንድታነሳላት ጠራቻት።

«መጣሁ፣ እማዬ» አለች ሮሐ፤ ከወንበሯ ግን አልተነሳችም። ሚስ ኦርቴጋ የጻፈችውን ወደ ላይ ገፋ አድርጋ፣ ራሷ ቀደም ብላ ለመምህሯ የላከችውን አወጣችና ስልኩን በጠረጴዛው ላይ ወደ ኤማ አስጠጋችው።

«መጀመሪያ ይሄን አንብቢ» አለቻት።