ተዛማጅ ፍርድ

ከአገሬ ወጥቼ፣ አማራት በሚባል ሰፈር ባለ አንድ የጠበቃ ቢሮ ሥራ የጀመርኩ ቀን፣ አማርኛ አይሰማም ብዬ አለቃዬን በስልክ ለጓደኛዬ አማሁት። «ቁመቱ የመብራት እንጨት ነው፣ ፈገግታ ግን አልፈጠረበትም» አልኳት።

እሱ ከወረቀቱ ቀና ሳይል፣ «ያደግኩት ጋምቤላ ነው» አለ ጥርት ባለ አማርኛ። «የመብራት እንጨት ይሻላል። ትምህርት ቤት ቀጭኔ ነበር የሚሉኝ።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ! አለቃዬን ቹኦልን የወደድኩት ከዚያች እፍረት ጀምሮ ነው።

ሥራዬ ለክርክሩ የሚሆኑ የቆዩ ፍርዶችን ከኮምፒውተር ላይ መፈለግ ነበር። ያስተማረኝም እሱ ነው።

«ያገኘሽውን ፍርድ ወዲያው አምነሽ አትቀበዪ ሲና። ‹ተዛማጅ› የሚለውን ተጫኚና ከኋላው ምን እንደመጣ እይ።»

ልንጋባ ተነጋግረን ሳለ አንድ ቀን ለቦዳ ሞተር ነጂ ሲደውል ሰማሁት። «ማራ ታይ»ን ከሙኑኪ ሰፈር ይዘሃት ና ይለዋል። የገበያ አረብኛዬ ‹ሚስቴ› ማለቱን ለመረዳት አላነሰኝም።

«ሚስት አለህ?»

«የወንድሜ ሚስት ናት። እኛ ኑዌሮች የወንድማችንን ሚስት እንደዚያ ነው የምንጠራት።»

«ወንድምህ አይከፋውም?»

«ወንድሜ ሞቷል...» አለ። «ሽማግሌዎቹ ሚስቱን ጆይን አንተ ውሰዳት እያሉኝ ነው። እኔ ግን ያንቺ ነኝ። እምቢ ማለት እንደምችል የሚያሳይ ፍርድ ፈልጊልኝ።»

ጆይ መጣች። ሁለት ልጆቿ ቀሚሷን ጨብጠው አንለቅም አሉ። «ሲስተር» ብላ እጄን በሁለት እጇ ያዘችው። ባትይዘኝ ይሻል ነበር።

ፍርዱን አገኘሁት። ዋርሳ የሟች ወንድሙን ሚስት እንዲያገባ አይገደድም ይላል። በደስታ አለቀስኩ። ከዚያ እንዳስተማረኝ ‹ተዛማጅ›ን ተጫንኩ።

ሁለተኛው ፍርድ የዚያው ቤተሰብ ነበር። ዋርሳው እምቢ ሲል የሟች ዘመዶች ልጆቹን ወሰዱ፤ ፍርድ ቤቱም አጸደቀላቸው። እናትየዋ ባዶ እጇን አባቷ ቤት ገባች።

ዝጊው አለኝ ልቤ። ማን ያይሻል? ግን የጆይ እጅ ሙቀት ገና እጄ ላይ ነበር። ቹኦልን ጠራሁትና አሳየሁት።

ሁለት ጊዜ አነበበው። «እዚህም ይኸው ነው የሚሆነው» አለ። «አጎቶቼ ልጆቹን ሊወስዱ ተዘጋጅተዋል።»

«ታዲያስ?»

«ሲና፣ በኛ ባህል ሁለት ሚስት...»

«አትጨርሰው» አልኩት። ለጴንጤ ልጅ እንዲህ ያለ ነገር እንደማይነገር ያውቃል።

ዓይኑ እንባ ሞላ። «ምናለ ባታሳይኝ?»

«ማን አስተማረኝ?»

በማግስቱ ሥራውን ለቀቅኩ። ጌታ ይክስሻል ይሉኛል የቸርች እህቶቼ። እኔ ካሳ አልፈለግኩም፣ ቹኦልን ነበር የፈለግኩት። ጥሩ ሥራ ሠራሁ ብዬም አልጽናናም። ያንገበግበኛል።

በቀደም ኮሎሎ መንገድ ላይ ተገናኘን። ጆይ ከጎኑ፣ ልጆቹ ከፊት ናቸው። ምን እንደሚለኝ ጨነቀው፤ አማርኛው ሁሉ ጠፋው።

«ማራ ታይ» አለኝ ወደ እሷ እያመለከተ።

ትርጉሙን አልጠየቅኩትም።