ተቃጥሏል ያልኩት ማሽን

ይህን የምጽፈው እንድታምኑኝ አይደለም። ሆኗል። እኔ ቤት፣ ሶዶ፣ እሁድ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ፣ ፀሐይ ግቢውን ሞልታው ሳለ ነው የሆነው።

ጨለማ አልነበረም። መብራትም አልጠፋም።

ሰፈሩ ጸሎት ቤት ሄዷል። የመዘምራኑ ድምፅ በማጉያው እስከ መኝታ ቤቴ ይሰማል። እኔ አልሄድኩም። ተኝቼ የቤቱን ጸጥታ እያዳመጥኩ ነበር...

ለምን ጸጥታ እንዳማረኝ ላስረዳ።

ባለቤቴ ሶርሳ ኮምፒውተር ያስተምር ነበር። ትርፍ ጊዜውን የሰጠው በጣም ትልልቅ ቁጥሮችን ለሚያባዛ ፕሮግራም ነው። አንድ ፕሮሰሰር፣ ማለትም የኮምፒውተሩ አስሊ ክፍል፣ በአንድ ጊዜ የሚይዘው ሃያ አሃዝ ገደማ ነው። ቁጥሩ ከዚያ ከበለጠ መቆራረጥ አለበት። መጠነኛ ከሆነ ትምህርት ቤት በተማርነው መንገድ ማባዛት ይፈጥናል። በጣም ከረዘመ ደግሞ ለሁለት እየከፈሉ ማባዛት ይሻላል። ከአንዱ መንገድ ወደ ሌላው የሚሻገሩበት ወሰን በየፕሮሰሰሩ ይለያያል። በሐሳብ አይገኝም፤ መለካት አለበት።

ሶርሳ ለአሮጌ ማሽኑ ፕሮሰሰር ብቻ የሚሆን ኮድ፣ ትእዛዝ በትእዛዝ፣ በእጁ ጻፈ። ሁለት ዓመት ፈጀበት። በፋይሉ ራስ ላይ ስሙ አለ።

ከሞተ በኋላ ስሙን ሥራ ላይ የማየው እዚያ ብቻ ነው።

ማሽኑ ዕቃ ቤት ውስጥ ነው። እሁድ እሁድ ጠዋት ራሱ ይነሣል፣ ይለካል፣ ውጤቱን ፕሮግራሙን አብረን የምንሠራ ሰዎች ወደምናየው ገጽ ይልካል። ሶርሳ ነው እንዲያ ያዘጋጀው። ማራገቢያው ሲጮህ ከግድግዳው ማዶ ሰው የተቀመጠ ይመስላል። ሥራ የያዘ ሰው። አሁን ጨርሶ የሚወጣ ሰው...

አይወጣም።

ሐሙስ ዕለት ኤልሳዕ መልእክት ላከልኝ። የሶርሳ ተማሪ ነበር፤ እኔንም «ቲቸር» ይለኛል። ዛሬ ፕሮግራሙን የሚመራው እሱ ነው።

«ቲቸር፣ የአሮጌ ፕሮሰሰሮችን ኮድ ልናወጣ ነው። መሞከሪያ ማሽን ያለው ሰው ካለ ግን ይቆያል። የቲቸር ሶርሳ ማሽን ይሠራል?»

ይሠራ ነበር።

«ተቃጥሏል» ብዬ ጻፍኩ።

አንድ ቃል። ከዚያ ሄጄ የመብራቱንም የኔትወርኩንም ገመድ ነቀልኩ። ማሽኑን በብርድ ልብስ ሸፈንኩት። ስሸፍነው እጄ ትንሽ ዘገየ። በሩን ቆለፍኩ።

አንድ እሁድ ብቻ፣ ማንንም ሳልጠብቅ መተኛት ፈልጌ ነበር።

በዚያ ጸጥታ ተኝቼ ሳለ ስልኬ ጠራ።

ኤልሳዕ ነው። በመስኮቴ የምሰማው ዝማሬ በስልኩም ይሰማል።

«ቲቸር...» ያንሾካሹካል።

«ምነው? ዛሬ ለመዘምራኑ ኪቦርድ አትመታም?»

«ለሌላ ልጅ ሰጥቼ በረንዳ ወጣሁ። ፓስተሩ በመስኮት እያየኝ ነው። ማሽኑ ከሞት ተነሣ እንዴ?»

«የቱ?»

«የቲቸር ሶርሳ። አሁን ውጤት ልኳል። እኛ እኮ ቀብረን፣ ድንኳን አፍርሰን ነበር።»

ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም።

«የድሮ ውጤት ይሆናል።»

«የዛሬ ነው። ደግሞ ልኬቱ... ምንም አይዋዥቅም። እንዲህ ጥሩ የነበረው ድሮ ነው።»

ላፕቶፔን ከፈትኩ። እውነቱን ነው።

ያ ማሽን ሲሞቅ ይዘገያል፤ ልኬቱም ከፍ ዝቅ ይላል። ቀጥ የሚለው ሶርሳ የሣጥኑን ጎን ከፍቶ፣ አጠገቡ ተቀምጦ፣ በካርቶን ሲያራግብለት ብቻ ነበር። «የሁምቦ ልጅ ሙቀት ይገባዋል» ይል ነበር፤ ቆላ ነው ያደገው።

አሁን ልኬቱ ቀጥ ብሏል።

ገመዱ ተነቅሎ። በብርድ ልብስ ተሸፍኖ።

ወደ ግቢ ወጣሁ። ጎረቤቴ ፋንታዬ ከቅዳሴ ተመልሳ ሱቋን ልትከፍት ስትል በአጥሩ በኩል አየችኝ።

«ሰብለ፣ ዕቃ ቤትሽ ውስጥ ከጠዋት ጀምሮ አንድ ነገር ይርገበገባል። ዶሮ ገብታብሽ ይሆናል።»

«ይሆናል።»

«የኔ ከሆነች መልሺልኝ። ያንቺ ከሆነች አብረን እንበላታለን።»

ቁልፉን ከፈትኩ።

ዶሮ የለም።

ገመዶቹ መሬት ላይ ናቸው፣ እንደጣልኳቸው። ብርድ ልብሱም እንዳለበስኩት ነው። ክፍሉ ግን ቀዝቅዟል። የቆርቆሮ ክፍል፣ ፀሐይ አናቱ ላይ ሆና...

ፍርሃቱ በኋላ ነው የመጣው። መጀመሪያ አፈርኩ። እጅ ከፍንጅ እንደተያዘ ሰው ቆምኩ።

«ሶርሳ» አልኩ ቀስ ብዬ። «ዋሽቻለሁ። አስተካክለዋለሁ።»

ብርድ ልብሱን ገፈፍኩ። ገመዶቹን ሰካሁ። ማብሪያውን ተጫንኩ።

ማራገቢያው ዞረ። ስክሪኑ ግን ጥቁር ነው።

ደግሜ ተጫንኩ።

ምንም።

ስልኬ እንደገና ጠራ።

«ቲቸር፣ ከአምልኮው በኋላ ከልጆቹ ጋር እንወስናለን። ማሽኑ ካለ የቲቸር ሶርሳን ኮድ አልነካም። አንድ ቃል ይበሉኝ።»

«ቆየኝ። አትዝጋው።»

ድምፁን ከፍ አድርጌ ስልኩን መደርደሪያው ላይ አስቀመጥኩት። ገመዱን መልሼ ነቀልኩ። ካቻቢቴ አምጥቼ የሣጥኑን ጎን ፈታሁ።

ፕሮሰሰሩን በሸፈነው ማቀዝቀዣ ብሎኖች ላይ የዓመታት አቧራ ደርቋል። ማንም አልነካቸውም። አንድ በአንድ ፈትቼ ማቀዝቀዣውን አነሣሁት። ከሥሩ የተቀባው ሙቀት አሳላፊ ነጭ ቅባት የፕሮሰሰሩን አራት ማዕዘን ቅርጽ እንደያዘ ነው።

ፕሮሰሰሩ ግን የለም።

መቀመጫው ባዶ ነው። ረድፍ ረድፍ ትንንሽ ቀዳዳዎች ብቻ...

ዝማሬው ቆመ። ከውጭም፣ ከስልኩም።

«ቲቸር» አለ ኤልሳዕ። አሁን ከበፊቱም ዝቅ ባለ ድምፅ ነው። «አሁንም እየላከ ነው።»

«ምን?»

«ውጤት። እያየሁት ነው። መስመር በመስመር ይመጣል... ይንገሩኝ እንጂ። ማሽኑ አለ ወይስ የለም?»

አለ ካልኩት ሁለተኛ መዋሸቴ ነው። የለም ካልኩት የሶርሳን ስም ከፕሮግራሙ በገዛ እጄ ማውጣቴ ነው።

«ቲቸር?»

ጣቴን ወደ ባዶው መቀመጫ ሰደድኩት። ቀስ ብዬ አሳረፍኩት።

ይፋጃል።