ቦቃ በግራ ተጠምዶ

አያ ይርጋ ገና ጎሕ ሲቀድ እርሻው ላይ በግንባሩ ተደፍቶ ተገኘ። ወንድሙ በላይነህ «ልጆቼን እርሻ ላሳያቸው» ብሎ ከባሕር ዳር በመጣ ማግስት መሆኑ ነው። ሁለቱ በሬዎቹ፣ ግንባረ ነጩ ቦቃና ጓደኛው፣ እንደተጠመዱ አጠገቡ ቆመዋል።

ከደብረ ታቦር የመጣችው ኢንስፔክተር ፈንታነሽ ከሬሳው ይልቅ በሬዎቹን ረዘም አድርጋ ስታይ መንደርተኛው አጉረመረመ። ሰው ሞቶ በሬ የምታደንቅ ፖሊስ አይቶ አያውቅም።

«ቦቃው ነው የመታው» አለ በላይነህ፣ ዓይኑ በእንባ ቀልቶ። «ክፉ በሬ ነው።»

«በሬ አልገደለውም። ሰው ነው» አለች ፈንታነሽ።

በላይነህ ወደ ወንድሙ ቅጥር አራሽ ወደ መልካሙ ዞረ። «ሰውማ ከሆነ እሱ ነው! ሰሞኑን ተጣልተው ነበር አሉ።»

ሰው ለመፍረድ አይሰንፍም፤ ወዲያው የመልካሙን እጅ የፊጥኝ አሰሩት።

«ተጣልተን ታርቀናል» አለ መልካሙ። «ሰው ከአባቱስ ይጣላ የለም?»

ፈንታነሽ ወደ ሟቹ ሚስት ቀረበች። «እትዬ ብዙነሽ፣ ከወንድሙስ ጋር እንዴት ነበሩ?»

«ኧረ ምን በወጣው! ትናንት እግሩን ያጠብሁት እኔ ነኝ። ስለ መንገድ ዳሩ የአባታቸው መሬት አንስተው ነበር። በላይነህ ለሰው እናስተላልፈው ይላል፤ ይርጋ እኔ ቁሜ አይሆንም ይላል። ስቀው ነው የተኙ።»

የበላይነህ ልጅ ፍቅርተ ከእናቷ ከትዝታ ጉያ ሳትወጣ ስልኳን ዘረጋች። «ትናንት አጎቴ ሲያርስ ያነሳሁት ነው። ጅራፉ እንዳያገኘን ሁላችንም ከፊት ነበር የቆምነው።»

ፈንታነሽ ፎቶውን አየችና ሁሉንም ደጃፉ ላይ ሰበሰበች።

«አራሽ ፊቱ ወደ በሬው ነው። በሬ ቢመታው ግንባሩን ነበር፤ የይርጋ የተፈለጠው ማጅራቱ ነው። ደግሞ ከሞፈሩ ኋላ አንድ ክንድ ትልም የለም። በሬዎቹን የጠመዳቸው ገዳዩ ነው፤ ያውም አሳስቶ። ቦቃ የየት በሬ ነው፣ መልካሙ?»

«የቀኝ!» አለ መልካሙ። ቀና ብሎ እርሻውን ሲያይ ደነገጠ። «ማነው በግራ የጠመደው?»

«አንተና እትዬ ብዙነሽ ሁልጊዜ ከኋላ ስለምትነዷቸው አትሳሳቱም። ከፊት ለቆመ ሰው ግን ቦቃ በግራ ነው የሚታየው። ይኸው ፎቶው። ከፊት ካዩት መካከል ትዝታ ከተሜ ናት፤ ቀንበር ነክታ አታውቅም። ልጆቹ ልጆች ናቸው። እዚህ አድጎ መጥመድ የሚያውቅ፣ እነዚህን በሬዎች ግን ትናንት ገና ያየ አንድ ሰው ብቻ ነው።»

ሁሉም ወደ በላይነህ ዞረ።

«እሺ ቢለኝ ምን ነበረበት!» አለ። «ለልጆቼ ብዬ ነው።»

«የእናት ሆድ ዥንጉርጉር» አሉ አንድ ሽማግሌ።

ብዙነሽ አላለቀሰችም። ሄዳ የመልካሙን እጅ ራሷ ፈታች።

«አንተን ጠረጠርሁ ልጄ። የሱን እግር አጥቤ አንተን ጠረጠርሁ!» ከዚያ ወደ በላይነህ ዞረች። «ልጆቼን አመጣለሁ ስትለው ወንድሜ አሰበኝ ብሎ ለመንደሩ ሁሉ አወራ። ልጆችህን መግቢያ አደረግሃቸው?»

ፖሊሶቹ በላይነህን ይዘው ሲወርዱ ትዝታ በእፍረት አንገቷን ደፍታ የልጆቹን እጅ ያዘች፤ ልትሄድ ነው።

«ወዴት ነው?» አለች ብዙነሽ። «ልጆቹ ምንም አልቀመሱም። አጎታቸው ከመውጣቱ በፊት ያለበላቸው ወተት አለ።»