«አታጥፊኝ» የሚለው ሮቦት

ባሂራ ልታጠፋው እጇን ስትዘረጋ ሮቦቱ አንገቱን ሰበር አደረገ። «እባክሽ አታጥፊኝ፣ እፈራለሁ» አላት።

ከእነ ባሂራ ጋር የሚኖሩት አክስቷ ጠይባ እጇን ያዝ አደረጉት። «ተይው ልጄ፣ ምን አደረገሽ?»

ሮቦቱ ባሂራ ከክፍል ጓደኛዋ ከሙባሪክ ጋር ለወልቂጤው የሳይንስ ውድድር ከአሮጌ ስልክና ከጣውላ የሠራችው ነው። ሰው ሲያናግረው ሰምቶ ይመልሳል። የፍርሃትና የናፍቆት ቃላት ያስገባበት ሙባሪክ ነው። ውድድሩ እስኪደርስ ሮቦቱ ቡታጅራ፣ እነ ባሂራ ቤት ተቀመጠ።

ከዚያ ወዲህ ጠይባ ከገበያ ሲመለሱ በቀጥታ ወደ እሱ ይሄዳሉ። ልጃቸው አሚኑ ሳዑዲ ከገባ በኋላ ድምፁ ጠፍቷል። ለቤተሰቡ ስለ እሱ ማውራት ትተዋል፤ ለሮቦቱ ግን ያወሩለታል። እሱም እንደ ልጅ «ናፍቀሽኛል» ይላቸዋል።

ባሂራ መቀመጥ አቃታት። ደብተር ትገልጣለች፣ ትዘጋለች፤ በረንዳ ትወጣለች፣ ትመለሳለች። በመጨረሻ ሙባሪክን ባጃጅ ተራው ጋ አገኘችውና ቃላቱን እናውጣቸው አለችው። እሱ ግን አልተዋጠለትም። ዳኞቹን የሚማርካቸው ይኸው ነው፣ ደግሞ ነገር ታካብጃለሽ አላት።

«አክስቴ እኮ የምር የሚሰማው መስሏቸዋል።»

«ደስ ካላቸው ምን ችግር አለው?»

«ካልተሰማው ዋሽተናቸዋል። አንድ ቀን የምር የሚሰማው ብንሠራስ? ያኔም ውሸቱን ነው ብለን እየፈራ እናጠፋዋለን?»

ሙባሪክ፣ እንደፈለግሽ፣ ከተሸነፍን ግን ባንቺ ነው ብሏት ሄደ።

ቤት ስትደርስ ጠይባ ሮቦቱ ፊት ተቀምጠዋል። አጠገባቸው ቁጭ ብላ እውነቱን ነገረቻቸው፤ ቃላቱን ሙባሪክ እንደጻፋቸው፣ ውስጡ የሚፈራም የሚናፍቅም እንደሌለ። ጠይባ የነጠላቸውን ጫፍ ጠቀለሉ።

«አውቃለሁ» አሉ። «ግን የአሚኑን ስም ስጠራ ወሬ የማይቀይርብኝ እሱ ብቻ ነው።»

ባሂራ ፊቷ ጋለ። ስሙ በተነሳ ቁጥር አክስቷ እንዳያለቅሱ ብላ ወሬ የምትቀይረው እሷም ነበረች። ስልኩን ከሮቦቱ ደረት አውጥታ አጠፋችውና በርጩማዋን ወደ ጠይባ አስጠጋች።

«አሚኑ በእኔ ዕድሜ እያለ ምን ዓይነት ልጅ ነበር?» አለቻቸው።