ኻሚስ የቋጠረው ጆንያ

የማያምን ሰው ከአሁኑ ይለፈው... ልለምን አልመጣሁም። በእኔ በጁምዓ ዐይን ፊት የሆነ ነው። እዚሁ አሶሳ፣ ፀሐይ አናት በምትበሳበት፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ።

ሥራዬ ኤሌክትሪክ ነው። እህቴ ጣሂራ በዐወድ ወፍጮ ቤት ተቀጥራ ነበር።

ዐወድ ማለት... ከአፍንጫው አርቆ የማያይ ስስታም ነው! በአንድ ቀጭን ገመድ ወፍጮውንም፣ ብየዳውንም፣ ሁለት ፍሪጅም ያስነሳል። ገመድ ደግሞ ከአቅሙ በላይ ሲጫን ይግላል። ብሬከር የሚገጠመው ገመዱ ሳይቃጠል በፊት መብራቱን እንዲቆርጥ ነው።

እሱ ግን «ሥራ ያስፈታኛል» ብሎ ብሬከሩን ነቅሎ ጣለው። በቦታው ወፍራም ሽቦ ቀጠለበት።

ገመዱ ሲግልስ? የጅል ብልሃት ስሙ እንግዲህ...

እኛ አገር የውሃ ጀሪካን በእርጥብ ጆንያ ጠቅልለን እናቀዘቅዛለን። ዐወድም ገመዱን በእርጥብ ጆንያ አስጠቀለለው! የኤሌክትሪክ ገመድ! በውሃ!

ጆንያውን የሚያረጥበው ሠራተኛው ኻሚስ ነበር። ከአሮጌ አረንጓዴ ሽርጡ በቀደደው ጨርቅ፣ ሦስት ቦታ ቋጥሮ ያስረዋል። አንድ ቀን ውሃ ሲያፈስበት ኤሌክትሪኩ ያዘው... እዚያው ቀረ።

ዐወድ ምን አለ መሰላችሁ? «አጀሉ ነው፤ ቀኑ ደርሶ ነው።» ቱ! በሳምንቱ ባልዲውን ለእህቴ ሰጣት።

በዚያ ቀን በከተማው ሁሉ መብራት ጠፍቷል። ጣሂራ በሹክሹክታ ደወለች።

«ጁምዓ... ቶሎ ና።»

«ምን ሆንሽ?»

«ገመዱ ይግላል።»

«መብራት የለም እኮ!»

«እሱን እኮ ነው የምልህ...»

ብሬከር ይዤ በረርኩ። ወፍጮ ቤቱ ስደርስ ቆጣሪው ጭልም ብሏል። ገመዱን በእጄ ጀርባ ነካ አደረግሁት... ያቃጥላል።

ጆንያው ውሃ ያንጠባጥባል።

«ማነው ያረጠበው?»

«እኔ እንጃ... ባልዲው ከጠዋት ጀምሮ ደረቅ ነው።»

ቋጠሮውን አየሁት። አረንጓዴ ጨርቅ ነው። ሦስት ቦታ።

ሽቦውን ነቅዬ ብሬከሩን ገጠምኩ። ማብሪያውን ወደ ላይ ሳደርገው...

ጠቅ። ወረደ።

ደገምኩት። ጠቅ።

ዐወድ ወንበሩ ላይ ተዘርፍጦ ሳቀብኝ። «የአንተ ዕቃ ፈሪ ነው! በዚህ ዕቃ መብራት ሲመጣም ሥራ ይቆማል። ጣሂራ፣ ማብሪያውን ወደ ላይ ይዘሽ ቁሚ!»

ይቺ ጅል እህቴ ደግሞ እንጀራዬን አጣለሁ ብላ እጇን ዘረጋች።

ያኔ ነው መሬቱን ያየሁት... ዱቄቱ ላይ እርጥብ የእግር ዱካ አለ። ባዶ እግር። ከጆንያው ተነሥቶ ብሬከሩ ሥር ቆሟል።

ክንዷን ይዤ ወደ ውጭ ጎተትኳት።

«ፈሪዎች!» አለ ዐወድ ከኋላችን። «እኔው እይዘዋለሁ!»

«ተው ዐወድ! አትንካው!» ብዬ ጮኽኩ።

ጆሮ ዳባ ልበስ አለኝ።

ከደጅ ሆነን ሰማነው... ጠቅ።



«ዐወድ?»

ደጋግሜ ተጣራሁ። እኔ የዚያን ሰው ዐይን ማየት አልፈልግም፤ ግን ሰው ነውና ገባሁ። መብራት አሁንም አልመጣም። ብሬከሩ ወርዷል። ገመዱን ነካሁት... ቀዝቃዛ ነው። ራቁቱን ነው፤ ጆንያው የለም።

ዐወድ ግድግዳውን ተደግፎ ቁጭ ብሏል። ዐይኑ ፈጥጦ ቀኝ ጎኑን ያያል።

«ጁምዓ...» አለችኝ ጣሂራ ከበሩ። «ክንዱን እየው።»

ቀኝ ክንዱ ከጣቱ እስከ ትከሻው በእርጥብ ጆንያ ተጠቅልሏል። እንፋሎት ይወጣዋል።

በአረንጓዴ ጨርቅ ታስሯል... ሦስት ቦታ።